ሐዘንተኛዋን ትተው ሰይጣን ፍለጋ

ክፉ ነገር በደረሰ ጊዜ የሰው ልጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ሆነ?» ብሎ አይደለም፤ «ማን አደረገው?» ብሎ ነው። በአገራችን ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይስተውም። የተጣላ፣ እጁን የሰነዘረ፣ ትዳሩን የበተነ ሰው በሽማግሌ ፊት ሲቆም «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ቃሉን ይቀበሉታል። ሰውን ከነጥፋቱ ፊት ለፊት ከማየት፣ ጥፋቱን ለማይታየው ሦስተኛ አሸክሞ ሁለቱን ማስታረቅ ይቀላልና። ሰይጣንም ቀርቦ አልተጠየቀም፤ ይግባኝም አይልም።

ዛሬ ላነሣው የወደድኩት ታሪክ የዚህ ሦስተኛ ሰው ፍለጋ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 15 እስከ ማርች 5 ቀን 2021፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 7 እስከ የካቲት 26 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የማርቭል ልዕለ ጀግኖች አፍቃሪዎች «ዋንዳቪዥን» በተባለ ባለ ዘጠኝ ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ የተደበቀውን ሰይጣን ሲያድኑ ከረሙ። ሰይጣን ያልኩት ለማጋነን አይደለም። በማርቭል የሥዕል መጻሕፍት ውስጥ ሜፊስቶ የሚባል የሲኦል ጌታ አለ፤ ስሙም በእነዚያ ሳምንታት ከአፍ የማይወድቅ ሆኖ ነበር። እኔ ድራማውን ያየሁት ሁሉም ክፍል ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ያን ሰሞን የተገመተውን ሁሉ የማነበው፣ የፍርዱን ውሳኔ ያወቀ ሰው የቆየ የክስ መዝገብ እንደሚያገላብጥ ነው።

ድራማው ሲጀምር የጀግና ወግ የለበትም። ጃክ ሼፈር የፈጠረችው፣ ማት ሻክማን ያዘጋጀው ይህ ሥራ፣ በመጀመሪያው ክፍሉ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ በ1950ዎቹ የአሜሪካ አስቂኝ የቤተሰብ ድራማዎች ወግ የተሠራ፣ በስቱዲዮ የተቀመጡ ታዳሚዎች የሚስቁበት ነው። ዋንዳ (ኤሊዛቤት ኦልሰን) እና ባሏ ቪዥን (ፖል ቤታኒ) በኒው ጀርዚ ግዛት ዌስትቪው በምትባል ትንሽ ከተማ አዲስ ጎጆ ወጥተዋል፤ አለቃውን እራት ጋብዘው ምግቡ አልደርስ ይላቸዋል። ሁለተኛው ክፍል ወደ 1960ዎቹ፣ ሦስተኛው በቀለም ተውቦ ወደ 1970ዎቹ ይሸጋገራል። ነገር ግን ተመልካቹ አንድ ነገር ያውቃል፤ ቪዥን ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የ«አቬንጀርስ» ፊልም ላይ ዋንዳ ዓለምን ለማዳን ስትል በገዛ እጇ ገደለችው፤ ጠላታቸው ታኖስ ደግሞ ጊዜን ወደ ኋላ መልሶ ካስነሣው በኋላ በዓይኗ ፊት እንደገና ገደለው። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የሞተ ባል እንዴት በሳሎን ቆሞ ይቀልዳል?

ግምቱ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። እንዲያ እንዲበዛ ያደረጉት ምክንያቶች ግን ሌሎች ናቸው። አንደኛው ረሀብ ነው። ከ2019 አጋማሽ ወዲህ፣ ወረርሽኙ ሲኒማ ቤቶችን ስለ ዘጋ፣ ከማርቭል ስቱዲዮ አዲስ ፊልም አልወጣም ነበር። ሁለተኛው ልማድ ነው። ይህ ስቱዲዮ ከ2008ቱ «አይረን ማን» ጀምሮ በፊልሞቹ ማብቂያ ላይ የሚመጣውን ታሪክ የሚጠቁም ትንሽ ትዕይንት ሲደብቅ ስለ ኖረ፣ ተመልካቹን ፍንጭ ለቃሚ አድርጎ አሳድጎታል። ሦስተኛውና ዋናው የጊዜ አሰጣጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔትፍሊክስ «ሀውስ ኦቭ ካርድስ»ን በአንድ ቀን ሙሉውን ከለቀቀ ወዲህ ብዙ ሰው ተከታታይ ድራማን በአንድ ሌሊት መጨረስ ለምዶ ነበር። ዲዝኒ ፕላስ ግን በመጀመሪያው ዓርብ ሁለት ክፍል ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ በየዓርቡ አንድ አንድ ብቻ ያቀርብ ነበር። በሁለት ዓርቦች መካከል ያሉት ስድስት ቀናት ባዶ ቤት ናቸው፤ ባዶ ቤት ደግሞ ሐሜት ያድርበታል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 ቻርልስ ዲክንስ «ባርናቢ ራጅ» የተባለውን ልብ ወለድ በየሳምንቱ እየከፈለ ሲያሳትም፣ በአሜሪካ የነበረው ኤድጋር አለን ፖ ታሪኩ ገና ሳያልቅ ባወጣው ሂስ ነፍሰ ገዳዩን አስቀድሞ ለይቶ ተናግሯል። ነፍሰ ገዳዩን በትክክል ቢያውቅም ሌሎች ግምቶቹ ግን ስተዋል። ዲክንስ በ1870 ሲሞት «የኤድዊን ድሩድ ምሥጢር» ከታሰበው አሥራ ሁለት ክፍል ስድስቱ ብቻ ተጽፎ ቀረ። ሰዎች ግን መልሱን ከሟች ጋር መቅበር አልፈለጉም። በ1914 ለንደን ላይ የዲክንስ አፍቃሪዎች የምናብ ችሎት አቁመው ተጠርጣሪውን ጆን ጃስፐርን ከሰሱ፤ ዳኛው ጂ. ኬ. ቼስተርተን፣ የዳኞች ሸንጎ መሪው ጆርጅ በርናርድ ሾው ነበሩ። ሾው በቀልድ የተቀባ ውሳኔ ሲያቀርብ፣ ቼስተርተን ከራሱ በቀር በአዳራሹ ያለውን ሁሉ ፍርድ ቤት በመድፈር ጥፋተኛ ብሎ ችሎቱን በተነ።

ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን በብሪታንያ ቴሌቪዥን በ1967 ጀምሮ በ1968 መጀመሪያ ያበቃው «ዘ ፕሪዝነር» ነው። «ቁጥር 6» የሚባል ሰው ስሟ በማይጠራ መንደር ታስሯል። ተመልካቹም በአሥራ ሰባቱ ክፍል ሁሉ «ቁጥር 1 ማነው?» እያለ ጠየቀ፤ የትኛው መንግሥት፣ የትኛው ጠላት ይሆን እያለ አሰላ። በመጨረሻው ክፍል ጭንብሉ ሲገፈፍ የዝንጀሮ ፊት ወጣ፤ እሱም ሲገፈፍ የታየው የእስረኛው የራሱ ፊት ነበር። ብዙ ተመልካች ተቆጣ። የተቆጡት መልስ ስላላገኙ አይመስለኝም፤ መልሱ እነርሱ ሲቆፍሩ ከነበሩበት ስፍራ ስላልነበረ ነው እንጂ።

«ዋንዳቪዥን»ም እንዲሁ ሆነ። እስቲ ከተቆጠሩት ፍንጮች ጥቂቱን እንይ። በሁለተኛው ክፍል አንዲት የከተማዋ እመቤት ዲያብሎስ የሚገኘው በጥቃቅኑ ነገር ውስጥ ነው የሚለውን የአሜሪካኖች አባባል ስታነሣ፣ አግነስ የምትባለው ጎረቤት እርሱ ያለው እዚያ ብቻ አይደለም ትላታለች። ይህች ጎረቤት ሁልጊዜ ስለ ባሏ ስለ ራልፍ ታወራለች፤ ራልፍ ግን አይታይም፤ ስለዚህ ራልፍ ሜፊስቶ ነው ተባለ። አግነስ ጥንቸል አላት፤ ጥንቸሉም ተጠረጠረ። ዋንዳ መንታ ወንዶች ልጆች ወለደች፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በወጡት የሥዕል መጻሕፍት ደግሞ የዋንዳ መንታዎች የሜፊስቶ ነፍስ ቁራጮች ሆነው ስለ ተገኙ፣ የቆየውን መጽሐፍ ያነበቡ ሁሉ ነገሩ አለቀ አሉ።

በአራተኛው ዓርብ በሩ ተንኳኳ፤ የሞተው የዋንዳ ወንድም ፒየትሮ ሌላ መልክ ይዞ ቆሟል። ተዋናዩ ኢቫን ፒተርስ ነበር፤ ይህ ሰው በሌላ ስቱዲዮ የ«ኤክስ ሜን» ፊልሞች ውስጥ ያንኑ ገጸ ባሕርይ የተጫወተ ነው። ሁለት ዓለማት ተቀላቀሉ ተብሎ እልል ተባለ። ከከተማዋ ውጭ የምትገኘው ሞኒካ ራምቦ የምታውቀው የጠፈር መሐንዲስ እንዳለ ስትናገር፣ መሐንዲሱ የ«ፋንታስቲክ ፎር» መሪ ሪድ ሪቻርድስ መሆን አለበት ተባለ። ቤታኒ ደግሞ ሁልጊዜ አብሬው መሥራት ከምመኘው ተዋናይ ጋር የምታየኝ ትዕይንት ትመጣለች ብሎ ነበርና፣ የታላላቅ ተዋንያን ስም በተራ ተጠራ።

መልሶቹስ? ጎረቤቲቱ አጋታ ሃርክነስ የምትባል ጠንቋይ መሆኗ በስድስተኛው ዓርብ ተገለጠ፤ ብዙዎች የጠረጠሩት ነበርና ይህ ግምት ሠመረ። ነገር ግን የድግምቱ ባለቤት እርሷም አልነበረችም፤ እርሷም ራሷ እንደ ተመልካቹ ምሥጢሩን ልታውቅ የመጣች ናት። ጥንቸሉ ጥንቸል ነው። ፒየትሮ የመሰለው ሰው ራልፍ የሚባል የከተማዋ ነዋሪ ሆኖ ተገኘ። መሐንዲሷ ሰው ከዚያ በፊት ስሟን ሰምቶት የማያውቅ የጦር መኮንን ናት። ቤታኒ የተመኘው ተዋናይ ደግሞ ራሱ ቤታኒ ነው፤ በመጨረሻው ክፍል ሁለት ቪዥኖች ፊት ለፊት ይቆማሉና። ሜፊስቶ አልመጣም።

ለመሆኑ በዌስትቪው ምን ሆኖ ነበር? ስምንተኛው ክፍል የዋንዳን ሕይወት ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳየናል። ሶኮቪያ በምትባል የምናብ አገር ወላጆቿ ከልጆቻቸው ጋር የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ እያዩ እንግሊዝኛ ሲለማመዱ ቦምብ ወድቆ ይገድላቸዋል። ሁለተኛው ቦምብ ሳይፈነዳ በፊቷ ተቀምጦ ይቀራል። ወንድሟ በ2015ቱ ፊልም ሞቷል። ባሏ ከሞተ በኋላ አስከሬኑን ይዞ ወደ ነበረው መሥሪያ ቤት ሄዳ፣ ቀብር እንኳ ይገባዋል ብላ ትጠይቃለች። የተሰጣት ቀብር አይደለም፤ ሰውነቱ እንደ ማሽን ተበታትኖ ሲመረመር በመስታወት በኩል እንድታይ ተደረገች። ከዚያ ብቻዋን መኪናዋን ነድታ ዌስትቪው ትደርሳለች። እዚያ ቪዥን ለሁለቱ ማርጃ ብሎ የገዛው ባዶ መሬት አለ፤ የይዞታው ወረቀትም በእጇ ነው። በመሠረቱ መካከል ተንበርክካ ስታለቅስ፣ ቤቱም፣ ከተማውም፣ ባሉም ከሐዘኗ ተሠርተው ይነሣሉ። ሰይጣን በአካባቢው አልነበረም።

የእኛ የቅኔ አዋቂዎች ከሰሙ በታች ወርቁን ፈልግ ይሉናል። የድራማው ተከታታዮችም ወርቅ ፈላጊዎች ነበሩ፤ ትጋታቸውም አያስነቅፍም። ነገር ግን ወርቁን የፈለጉት ከሰሙ ርቀው፣ በሌሎች መጻሕፍትና በሚመጡት ፊልሞች ውስጥ ነው። በድራማው መካከል የሚገቡትን የውሸት ማስታወቂያዎች ተመልከቱ። የመጀመሪያው የስታርክ ኩባንያ የዳቦ መጥበሻ ነው፤ ሁሉ ነገር ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ መብራቱ ብቻ በቀይ ብልጭ ይላል። ዋንዳ በልጅነቷ ያፈጠጠችበት ቦምብ ላይ የተጻፈው ስም ስታርክ ነበር። ከዚያ የሚመጣው የእጅ ሰዓት የሽትሩከርን ስም ይዟል፤ በሰውነቷ ላይ ሙከራ ያደረገ ሰው ነው። ቀጥሎ ሌጎስ የሚል የወረቀት ፎጣ አለ፤ በ2016ቱ ፊልም በሌጎስ ከተማ በእርሷ ምክንያት ሰዎች አልቀዋል። የሐዘኗ ዝርዝር በየሳምንቱ ሲነበብ ነበር። እነዚህንም የሲኦል ምልክት አድርገው የተረጎሟቸው አልጠፉም።

እኔ የምኖረው በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ነው። የሟች ሂሳብ ለማዘጋት የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን አስተናግዳለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የልጃቸውን የቁጠባ ደብተር ከማስረጃው ጋር አቀረቡ። ሥራው ሲያልቅ ደብተሩን ላስቀረው ስል እጃቸውን ደብተሩ ላይ ጣል አድርገው፣ «ገንዘቡን ጨርስ፣ ሂሳቡንም ዝጋ፤ ደብተሯን ግን ተውልኝ ልጄ፤ የእርሱ ፊርማ አለባት» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኩና ተሰርዟል የሚል ማኅተም መትቼ መለስኩላቸው። ማኅተሙን አላዩትም፤ ያዩት ፊርማውን ነው። ዋንዳ የይዞታ ወረቀቱን ይዛ በባዶው መሠረት ላይ ስትቆም ባየሁ ጊዜ እኚህ እናት ትዝ አሉኝ። ማንም ሰው እርሳቸውን አይቶ «ከጀርባቸው ማን አለ?» ብሎ አይጠይቅም።

በባህላችን ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛ ወንበርና ድስት ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ የማያውቀው ሰው እንኳ ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጥቂት ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ለወግ ብቻ አይደለም፤ ሐዘን ብቻውን የተተወ እንደሆነ የራሱን ዓለም ስለሚሠራ ነው። ዋንዳ ለቅሶ ደራሽ አልነበራትም። ስለዚህ አንዲት ከተማ ሙሉ ሕዝብ በግድ ለቅሶ ደራሽ አደረገች። ድራማው የወጣበት ዘመን ደግሞ ይህን ነገር ከምናብ አውጥቶት ነበር። ቀረጻው በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ በመስከረም የቀጠለ ነው። በእኛም አገር በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሰው እንደ ወጉ ተሰብስቦ ማልቀስ አልቻለም። ሬሳውን ሳይሸኝ የቀረ፣ ሐዘኑን በስልክ የተቀበለ ሰው በየአገሩ ነበር። በዚያ ወራት ስለ አንዲት ቀብር የተከለከለች ሴት የተሠራ ድራማ ሲቀርብ፣ ብዙው ንግግር ስለ ሰይጣን መሆኑ ያስገርመኛል። ምናልባትም አይገርም ይሆናል። ከሐዘን ይልቅ ሰይጣን ይቀላል፤ ሰይጣንን ይዋጉታል፣ ያሸንፉታልም። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያኔ ሁለት ስንኝ ጽፌ ነበር፤

ውጭ ነው እያሉ በር ዘግተው ሲያድሩ፣
ሐዘን ውስጥ ነበረ ከምድጃው ዳሩ።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይቃወመኛል። «ሐዘንተኛ ብትሆንስ? የዌስትቪው ሰዎች ምን በደሉ?» ይላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነዋሪዎቹ ሳይፈልጉ የተሰጣቸውን ሚና ይጫወታሉ፤ ሲተኙ የዋንዳን ቅዠት ያያሉ፤ አንዷ እናት ልጇን እንኳ ማቀፍ ተከልክላ ትለምናለች። ሜፊስቶ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ በእርሱ ላይ ተጽፎ ዋንዳ ንጹሕ ሆና ትወጣ ነበር። እኔ እንደማስበው የግምቱ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ የምንወዳት ሴት በደለኛ እንዳትሆን መፈለግ። ድራማው ግን ያን ምሕረት አልሰጠንም። በደለኛም ናት፣ ሐዘንተኛም ናት፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። በመጨረሻ የሠራችውን ዓለም ራሷ ስታፈርሰው ባሏና ልጆቿ አብረው ይጠፋሉ፤ እርሷም በጥላቻ በሚያዩዋት ሰዎች መካከል አልፋ ትሄዳለች። ያልፈረደችባት ሞኒካ ብቻ ናት፤ እርሷም እናቷ ስትሞት አጠገቧ ያልነበረች ሐዘንተኛ ናትና፣ ኃይልሽ ቢኖረኝ እናቴን እመልስ ነበር ትላታለች። በዚህ ንግግር ሞኒካ ለዋንዳ እጅግ አደላች ብለው የወቀሱ ነበሩ። እኔ ግን ከሐዘንተኛ ለሐዘንተኛ የተነገረ ቃል አድርጌ እሰማዋለሁ፤ ዳኝነት አይደለም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታሪኩ ምፀት ነው። በ2022 በወጣው የዶክተር ስትሬንጅ ፊልም ዋንዳ ገዳይ ሆና ተመለሰች፤ ምክንያቱ ደግሞ ዳርክሆልድ የተባለ የክፋት መጽሐፍ አእምሮዋን ስለ በከለው ነው ተባለ። አንዱ ድራማ የከለከለውን ሦስተኛ ሰው ሌላው ፊልም በመጽሐፍ መልክ አመጣው። በ2024 ሼፈር ራሷ በፈጠረችው «አጋታ ኦል አሎንግ» ውስጥ የሜፊስቶ ስም በጨረፍታ ተጠራ። በ2025ም ሜፊስቶ «አይረንሃርት» በተባለው ድራማ በሳሻ ባሮን ኮኸን ተመስሎ በአካል መጣ። በዚያው ዓመት ሻክማን ያዘጋጀው የ«ፋንታስቲክ ፎር» ፊልም ወጣና ሪድ ሪቻርድስም ታየ። የተጠበቁት ሁሉ እንግዲህ በየተራ ደረሱ። ነገር ግን እንደ ዋንዳቪዥን ስምንተኛ ክፍል በሰው ልብ የቀረ ነገር ይዘው ስለ መምጣታቸው እጠራጠራለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ቪዥን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ወንድሟ የሞተባትን ዋንዳን ያጽናናታል፤ ሐዘን ማለት ፍቅር ከሞት በኋላ ሳያቋርጥ ሲቀር ነው የሚል ትርጉም ያለው ቃል ይነግራታል። ከዚያ ድራማ ብዙ ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው ይህን ነው፤ ማንም ያልገመተው ግን ይኸው ነበር።

መገመት ክፉ አይደለም። በአንድ ታሪክ ፊት አብሮ መጠበቅ፣ «እንዲህ ይሆን?» መባባል፣ ከንባብ ደስታዎች አንዱ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ፣ መጽሐፉ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሞ የነበረ ቢሆንም፣ ሰው የሚቀጥለውን ንባብ በጉጉት ይጠብቅ እንደ ነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል። እነዚያ አድማጮች የበዛብህና የሰብለ ወንጌልን መጨረሻ የሚያውቁም ነበሩባቸው፤ የሚጠብቁት ምሥጢር አልነበረም፤ ከሰዎቹ ጋር ለመሆን ነው እንጂ። ምሥጢር ያዘለ ድራማ ስናይም ከ«ማነው?» በፊት «ማን ነው እያለቀሰ ያለው?» ብለን ብንጠይቅ የሚጎድልብን ነገር የለም። የተሸሸገውን መፈለግ ያኔም ይደርሳል።